ቧንቧው ሳይጮህ አትንኩኝ

ጁን 12፣ ሐሙስ

ዶኛ ኤርሚንያን ትናንት ቀበርናቸው። ቀበርናቸው ስል ልጃቸው ሴሌስቴ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ ቄሱና እኔ ነን። ከአረጋውያን ቤቱ የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ከምሳ ሰዓቴ ቆርሼ። ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ ጃንጥላ አላስይዝ አለን፤ ሁላችንም በሰብሰን ተመለስን።

ዶክተሩ የጻፈው «የልብ ድካም» ብሎ ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነበር። በዚያ ዕድሜ ልብ ይደክማል።

ይህን ደብተር ለምን እንዳወጣሁት እንጃ። ረዳት ነርስ ሆኜ በዚህ ቤት በሠራሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ብዙ ሰው ሸኝቻለሁ፤ ለማንም ደብተር አላወጣሁም።

የማገላበጫው ቅጽ ሙሉ ነበር። ራሳቸው መዞር የማይችሉትን በየሁለት ሰዓቱ ወደ ሌላ ጎናቸው እናዞራለን፣ እንፈርማለን። በየመስመሩ ፊርማ አለ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ብቻ ሙሉ ነበር።

ጁን 15፣ እሁድ

አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው። እጄ ቀዝቅዟል።

የዶኛ ኤርሚንያ አልጋ በማግስቱ ተይዟል፤ ሃያ አራት አረጋውያን፣ ሁለት ሠራተኛ። ሦስተኛዋ ወገቧን ታማ ከቀረች ወር አለፋት፤ ሥራ አስኪያጃችን ኢሶልዳ ምትክ አልቀጠረችም። ኔልሲ ፎቁን፣ እኔ ምድር ቤቱን። ሳሙናው ተቆልፎበታል። ቁልፉ ኢሶልዳ ቦርሳ ውስጥ፣ ኢሶልዳ ቤቷ። በአንድ ጥንድ ጓንት ከአልጋ ወደ አልጋ ዞርኩ። ሁለቱ ተቅማጥ ይዟቸዋል። ማታ ሦስተኛው።

አውቶቡሱ መጣ።

ጁን 19፣ ሐሙስ

ሴሌስቴ የእናቷን ልብስ ልትወስድ መጣች። ገበያው አጠገብ ዳቦ ቤት የምትሠራ፣ ፈርጠም ያለች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ልብሱን አጣጥፌ በካርቶን አዘጋጅቼላት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እማዬ ተሠቃይታለች?»

«ኧረ የለም» አልኳት። «እንደ ተኙ ነው ያለፉት።»

እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ከካርቶኑ ውስጥ የእናቷን ግራጫ የሱፍ ሻል አውጥታ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ቤት እንደ ገባሁ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሁሉም ልብስ ኋላ ከተትኩት። ይሞቃል፤ ግን አለብሰውም።

ጁን 24፣ ማክሰኞ

ዛሬ ስለ ዶኛ ኤቴልቪና መጻፍ አለብኝ። አርባ ዓመት የገጠር ልጆች ያስተማሩ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። ዐይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመቱ። የሚተኙት ምድር ቤት ትልቁ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ጥግ ነው፤ የእጅ መታጠቢያው ከራስጌያቸው ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። ቧንቧው ያረጀ ስለሆነ ሲከፈት እንደ ታመመ ጥጃ ይጮኻል።

ጠዋት ልብሳቸውን ልቀይር ስጠጋ ሁለት እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱ።

«ኦዲልያ ነሽ?»

«አዎ፣ ዶኛ ኤቴልቪና።»

«የመጣሽው ከዶን ባውዲልዮ አልጋ ነው። ጫማሽ ከዚያ ሲነሣ ሰምቻለሁ። ቧንቧው ግን አልጮኸም።»

ሳሙና ተቆልፎበታል አልኳቸው። እሳቸው ግን ያስተማሩበት መንደር ውኃ ከጉድጓድ፣ ሳሙና ከጮማና ከአመድ እንደነበር፣ አንድም ልጅ እጁን ሳይታጠብ ደብተር ነክቶ እንደማያውቅ ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኤርሚንያን ማን ከማን አልጋ መጥቶ እንደነካት አውቃለሁ። ስንት ሰዓት ሳትገላበጥ እንደዋለችም አውቃለሁ። ዐይን የለኝም እንጂ ቁጥር አለኝ፣ ልጄ።»

ምን ለማለት እንደፈለጉ አልጠየቅኩም። ሄጄ ታጠብኩ። ቧንቧው ጮኸ። እሳቸውም እጃቸውን አወጡልኝ።

ጁን 28፣ ቅዳሜ

ረቡዕ ዕለት ከቤቴ ሁለት ሳሙና አመጣሁ። ኔልሲም አንድ አመጣች። «ኢሶልዳ ካየችን አለቀልን» አለች፤ ግን አመጣች። ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት፣ ብትፈራ አይፈረድባትም።

ተቅማጡ አራተኛ ሰው አልያዘም። ሦስቱም ድነዋል! በሦስት ሳሙና!

ዶን ባውዲልዮን ግን ትኩሳት ያዛቸው። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ከሁሉም ወጣቱ እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሥጋ ፋብሪካ ሠርተዋል። ኤፕሪል ላይ ከመሰላል ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ሆስፒታል ተጠግኖ «ለሁለት ወር እንዲያገግሙ» ወደኛ ላኳቸው። ያኔ የገባው የሽንት ቱቦ እስካሁን አልወጣም። ኢሶልዳ አንሶላው ደረቅ መሆኑን ትወደዋለች። ሽንታቸው ደፍርሷል፤ ይሸታል። ወገባቸው ግርጌ፣ አጥንቱ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቁስል አየሁ። ቆዳው ተልጧል።

ያን ዓይነት ቁስል አውቀዋለሁ። ሜይ ላይ እንዲሁ ነበር የጀመረው። የሌላ ሰው።

ጁላይ 3፣ ሐሙስ

የዶክተሩ ቀን ነው። በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ ሃያ አራቱን ሰው በሃምሳ ደቂቃ ያያል። ከአልጋ ወደ አልጋ ሲሄድ ቧንቧው አንዴም አልጮኸም፤ ዶኛ ኤቴልቪና ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ። የዶን ባውዲልዮ ቱቦ ቢወጣ ብዬ ጠየቅኩት።

«ኦዲልያ፣ ሕክምና የተማርሽው መቼ ነው?» አለና ሳቀ። ክኒን አዘዘ። በዚህ ዕድሜ ትኩሳት የሚጠበቅ ነው፣ አትጨናነቂ አለኝ። ዶክተሩ ራሱ ስድሳ አራት ዓመቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቢሮው አጠገብ ሳልፍ ኢሶልዳ ስልክ ላይ ናት። «የባውዲልዮን አልጋ ለኦገስት ቃል ግቢላቸው፤ የሚቆይ አይመስለኝም» ስትል ሰማኋት። ስለ ወንበር የምታወራ ነበር የሚመስለው።

ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስወጣ ኔልሲን ጠርቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ የማገላብጠው በእውነት ነው፣ ያላገላበጥኩትን አልፈርምም አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝ። «እስካሁንስ?» አላለችም። ምነው ባለች።

ጁላይ 7፣ ሰኞ

ደክሞኛል። አጭር ነው።

ዶን ባውዲልዮን በየሁለት ሰዓቱ። ዐሥር፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሁለት። ትራስ ከጉልበታቸው መሐል፣ ትራስ ከጀርባቸው። ቁስሉን በንጹሕ ውኃ። ራሳቸው መዞር የማይችሉትን የተቀሩትን አምስቱንም። ሳልደርስባቸው የቀሩትን ሦስት ቦታ ቅጹ ላይ ባዶ ተውኩ። ኢሶልዳ አይታ «ሙዪው» አለችኝ። «የለም፣ ወይዘሮ ኢሶልዳ፤ አላዞርኳቸውም» አልኳት። ይህን ስል ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ትኩሳቱ ወርዷል። ዛሬ ትራሱን ሳስተካክልላቸው «ከዚህ ትራስ ጋር ከመጋባቴ በፊት ሽማግሌ ላኪልኝ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ፣ ማለቴ ነው።

ጁላይ 10፣ ሐሙስ

የዛሬውን ሳልጽፍ አልተኛም።

ለካ ዶኛ ኤቴልቪና ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ሲሰጡ ነው የከረሙት። ከአልጋ ወደ አልጋ፣ በሹክሹክታ፣ እኔና ኔልሲ ምግብ ስናመላልስ። በመጀመሪያ ያስተዉዋቸው ማቴውን፣ የቅጠል ሻያችንን፣ መቀባበል ነው። እዚህ አገር ሁሉም ሰው ማቴውን ከአንድ ዋንጫ፣ በአንድ መምጠጫ ነው የሚቀባበለው፤ የራስህን ለብቻ መያዝ ጎረቤት እንደ መናቅ ይቆጠራል። ሰኞ ዕለት ግን የትልቁ ክፍል ዘጠኙም ሰዎች የየራሳቸውን ዋንጫ ጠየቁን። ገርሞን ሰጠናቸው። ለካ ልምምድ ኖሯል።

ዶክተሩ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ መጣ፤ ኢሶልዳ ከኋላው። ደም ግፊት መለኪያውን ይዞ የመጀመሪያው አልጋ ላይ ያሉት ዶን ኒካሲዮ ጋ ሄደ። ዶን ኒካሲዮ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ የገዛ ስማቸው ይጠፋቸዋል። እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱ።

«እጅዎን ይስጡኝ፣ አባቴ።»

ዶን ኒካሲዮ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዶክተሩ ወደ ሁለተኛው ሄደ። ሁለተኛዋም ከተቱ። ሦስተኛው፣ አራተኛዋ፣ ዘጠኙም። ክፍሉ ውስጥ አንድም እጅ አይታይም። ዘጠኝ ራስ ብቻ ከብርድ ልብስ በላይ።

ኢሶልዳ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ጠየቀች። ከበሩ ጥግ ዶኛ ኤቴልቪና ተናገሩ። አልጮኹም፤ ክፍል ውስጥ ያለ አስተማሪ አይጮኽም።

«ዶክተር፣ መታጠቢያው ከእኔ ራስጌ ነው። ቧንቧው ሳይጮህ ማንም እኛን አይነካም። በየአልጋው መሐል አንድ አንድ ጊዜ። እንቆጥራለን።»

ዶክተሩ ፊቱ ቀላ። ኢሶልዳ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። በእውነት አላውቅም ነበር፤ ባውቅም መሬቱን አይ ነበር። ከዚያ ዶክተሩ ቦርሳውን አስቀመጠ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሄዶ ቧንቧውን ከፈተ። ጥጃው ጮኸ። ዘጠኙም ባንዴ ሳቁ፤ ዶን ኒካሲዮ ለምን እንደሚሳቅ ሳይገባቸው ከሁሉም አብልጠው ሳቁ።

ዘጠኝ ጊዜ ታጠበ። ስድስተኛው ላይ ኢሶልዳ ሳሙና ይዛ መጣች፤ መታጠቢያው ላይ የነበረው ስላለቀ ነው። ዶን ባውዲልዮ አልጋ ጋ ሲደርስ እሳቸው በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ዶክተር፣ ይህ ቱቦ ያለው የማን ገላ ውስጥ ነው?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲህ አውጡልኝ። አንሶላው ከረጠበ እኔ ራሴ አጥባለሁ።»

ሁሉም እየሰማ ነው። ዶክተሩ የእኔን ዐይን ሳያይ «ይውጣላቸው» አለ። እኔ አወጣሁት፤ ታጥቤ። ማታ ሁለት ጊዜ በሽንት ኩባያው ሸኑ። ሰው ሸና ብዬ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጁላይ 11፣ ዓርብ

ኢሶልዳ ቢሮዋ ጠራችኝ። በሩን ዘጋች። የሜይና የጁንን ቅጾች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው፤ የዶኛ ኤርሚንያን። «የማን ፊርማ ነው?» አለች። የኔ ነው። «ሰው መጥቶ ቢጠይቅ የምሰጠው ይህን ነው። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጫለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ። ቁስሉ ታዲያ ከየት መጣ? አስቢበት፣ ኦዲልያ።»

አላሰብኩበትም። ድሮም ሳስብበት ነው የከረምኩት።

ጁላይ 13፣ እሁድ

እረፍቴ ነው። ይዘንባል። ሲዘንብ እዚህ በየቤቱ ቂጣ በጮማ ይጠበሳል፤ የጎረቤቶቼ ሽታ በመስኮት ይገባል። እኔ ምንም አላበሰልኩም።

ልጽፈው ነው። ጁን 2፣ ሰኞ። ኔልሲ ልጇ ታሞባት ቀረች፤ ሃያ አራቱ በኔ እጅ ናቸው። ዶኛ ኤርሚንያን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በጀርባቸው አስተኛኋቸው። ዳግመኛ የነካኋቸው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰባት ሰዓት። አልጠሩኝም፤ እሳቸው ሰው አይጠሩም፣ ማስቸገር ይፈሩ ነበር። ሳዞራቸው አንሶላው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብዬ የዐሥር ሰዓቱን፣ የዐሥራ ሁለቱን፣ የሁለቱን ፈረምኩ። ሦስት ፊርማ። እስክሪብቶው አልተንቀጠቀጠም። ያ ቀን ብቻም አይደለም፤ ሜይ ውስጥም አለ። በሳምንቱ ትኩሳት፣ መግል፣ ማቃሰት። እንደ ተኙ አላለፉም።

ኢሶልዳ ሰው አልቀጠረችም፣ ሳሙና ቆለፈች። እውነት ነው። የፈረመው እጅ ግን የኔ ነው። ቅጹ ባዶ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው አይቶ ይጠይቅ ነበር። ሙሉ ስለሆነ ማንም አልጠየቀም።

ጎረቤቴ ቂጣ በሳህን አመጣችልኝ። በላሁት። አልቅሼ ነው የበላሁት።

ጁላይ 16፣ ረቡዕ

ዳቦ ቤት ሄድኩ። ሴሌስቴ በጓሮ በኩል ሊጥ እየቆረጠች ነበር። ቆሜ ነገርኳት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሦስቱን ፊርማ፣ ሳሙናውን፣ ዋሽቼሽ ነበር የሚለውን። መቁረጥ አላቆመችም። ቁራጩ ግን እያነሰ እያነሰ ሄደ።

«ስንት ሰዓት አልሽኝ?»

«ሰባት።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ይመታኛል ብዬ የጠበቅኩት እጅ ሊጥ እንደነካው ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ሂጂልኝ» አለች። «አሁን ሂጂልኝ።»

ሻሉን አምጥቼ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ። መንገድ ላይ እግሬ ቀሎኝ ነበር፤ ይህም ያሳፍራል።

ጁላይ 22፣ ማክሰኞ

ሴሌስቴ መጣች! ብቻዋን አይደለም፤ የሰባት አረጋውያን ቤተሰቦችን ይዛ። ዳቦ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «ያንተ እናት እዚያ ናት? ያንቺ አባት?» እያለች ስትሰበስብ ነው ሳምንቱን የሰነበተችው። የእንግዳ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው አረጋውያኑን በተራ ሊጠብቁ ሰዓት ተከፋፈሉ፤ ጠዋት ማን፣ ከሰዓት ማን፣ ማታ ማን። ኢሶልዳ የጉብኝት ሰዓት አይደለም አለቻቸው። አንደኛው፣ አናጺ ነው፣ «እናቴን ለማየት ሰዓት አላስፈቅድም» ብሎ ወንበሩን አስጠጋ።

ሴሌስቴ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። ፊቷ እንደ ግድግዳ ነው።

«ይቅር አላልኩሽም» አለች። «የነገርሽኝን ግን በስምሽ ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ?»

«እፈርማለሁ።»

ማመልከቻው የመንግሥት ተቆጣጣሪ እንዲመጣ የሚጠይቅ ነው። የኔ ቃል ሁለት ገጽ ሆነ። ስጨርስ ኔልሲ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች፤ ከኔ ስር የራሷን ጻፈች። እንዲህ ያለ ፊርማ አይቼ አላውቅም፤ ወደ ላይ ወደ ታች የሚሄድ፣ ግን እውነተኛ።

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ

ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ ሳይነገረን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ። አጭር፣ ጉንፋን የያዛት፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች ሴት። መጀመሪያ ያደረገችው መታጠብ ነው። ዶኛ ኤቴልቪና ከአልጋቸው «ይቺ ትማራለች» አሉ።

ቁም ሳጥኑን አስከፈተች፤ ሳሙናው፣ ጓንቱ፣ አልኮሉ ከነካርቶኑ ተደርድሯል። አንሶላ ገለጠች፣ ገላ አየች። ኢሶልዳ ቅጾቹን አቀረበች፤ እንዳለችውም የሰጠቻት የኔን ነው። «ጥፋተኛዋ ይቺ ናት፤ ራሷ አምናለች» አለች። ተቆጣጣሪዋ አነበበች፤ አየችኝ። አዎ የኔ ነው፣ ሐሰት ነው አልኩ። ያን ዕለት ለሃያ አራት ሰው ስንት ሠራተኛ ነበር ብላ ጠየቀች። አንድ አልኩ።

ዶኛ ኤቴልቪና የምናገረው አለኝ አሉ። ወንበር ቀርቦላቸው ተቀመጡ፣ ፀጉራቸውን በእጃቸው አስተካከሉ፣ ጀመሩ። ከሜይ አንድ ጀምሮ፣ በየቀኑ፤ ቧንቧው ስንት ጊዜ እንደጮኸ፣ ማን ሳይታጠብ ከየትኛው አልጋ ወደ የትኛው እንደሄደ፣ ማን መቼ ትኩሳት እንደያዘው። እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ነው የሚወርድላቸው። ተቆጣጣሪዋ ከመጀመሪያው ገጽ በኋላ ጉንፋኗንም ረሳችው። ስሜን ሰባት ጊዜ ጠሩ። ዶኛ ኤቴልቪና ለወዳጅ አያዳሉም። ከጁን ሃያ አራት በኋላ ግን «ኦዲልያ፦ ጮኸ፤ ኦዲልያ፦ ጮኸ» እያሉ ነው የጨረሱት።

አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ሲያበቁ ተቆጣጣሪዋ ተነሥታ ቆመች። ምን እንደምታደርግ ግራ የገባት ትመስላለች፤ ከዚያ «አመሰግናለሁ፣ መምህርት» አለቻቸው።

ኦገስት 14፣ ሐሙስ

ውሳኔው መጣ። ኢሶልዳ ከሥራ ተነሥታለች። ከዋና ከተማው መጥቶ የማያውቀው የቤቱ ባለቤት በአሥር ቀን ውስጥ አራት ሠራተኛ እንዲቀጥር፣ አለዚያ ቤቱ ለአረጋውያኑ ቤተሰቦች ማኅበር ተላልፎ እንዲሰጥ ተወስኗል። እሱ ሁለተኛውን መረጠ። ሴሌስቴ የማኅበሩ ሊቀመንበር ናት። ዶክተሩ በራሱ ፈቃድ ለቀቀ፤ ምትኩ እያንዳንዱን ሰው እያገላበጠ የሚያይ ዝምተኛ ነው።

እኔም ቅጣቴን አገኘሁ። ሃያ ቀን ከሥራ መታገድ፣ ስሜ ያለበት የጽሑፍ ተግሣጽ፣ ሆስፒታል ውስጥ ስለ ኢንፌክሽን የሚሰጠውን ትምህርት እንደገና መውሰድ። ደብዳቤውን ስቀበል እንደማፍር ጠብቄ ነበር። አላፈርኩም። ለሦስቱ ፊርማዎች ማንም ቢሆን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይጽፍልኝ ዘንድ ስጠብቅ የነበረ ይመስለኛል።

ኔልሲ ስትሸኘኝ «ዶን ባውዲልዮን የማገላብጠው እኔ ነኝ፣ አታስቢ» አለች። ማን አሰበ? ስለ ሃያ አራቱም ነው የማስበው።

ሴፕቴምበር 4፣ ሐሙስ

ተመለስኩ። በየክፍሉ መታጠቢያ ገብቷል፣ በየአልጋው ግርጌ አልኮል ተንጠልጥሏል። ስድስት ነን አሁን። አንዷ አዲስ ገቢ ለዶኛ ኤቴልቪና «እማማ፣ እጄ ንጹሕ ነው» ስትላቸው «ንጹሕ ከሆነ ምን ያስፈራሻል፣ ድገሚው» አሏት።

በታገድኩበት ጊዜ በወሰድኩት ትምህርት ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ዶኛ ኤቴልቪና የተናገሩት ነው፤ በትልልቅ ቃል።

የዶን ባውዲልዮን ቁስል አየሁት። ተዘግቷል። ሮዝ ቀለም ያለው ስስ ቆዳ ብቻ፣ የሕፃን ልጅ የሚመስል። የማገላብጣቸው የሌሎቹ አምስቱም ገላ ደህና ነው። ቆሜ አየሁት፤ ከሚገባው በላይ ሳልቆይ አልቀረሁም፤ «እንዴ፣ የምትገዢው ነገር ነው?» አሉኝ።

ሴፕቴምበር 14፣ እሁድ

ፀሐይ ወጥታለች። ዶን ባውዲልዮ በምርኩዝ እስከ ጓሮው ሎሚ ዛፍ ደርሰው ተመለሱ። ሦስት ጊዜ። ካርታ ተጫወትን፤ አሸነፉኝ፤ ያጭበረብራሉ።

«ኦዲልያ» አሉኝ ካርታውን ሲበውዙ፣ «ወገቤን ታውቂዋለሽ፣ ሽንቴን ታውቂዋለሽ። አሁንም አንቱ ነኝ?»

ሥራ ቦታ ነው አልኳቸው።

«እንግዲያው ከሥራ ቦታ ልውጣ» አሉ።

ሴሌስቴ ዛሬ ዳቦ አምጥታ ነበር። ለሁሉም አደለች፤ እኔም ጋ ስትደርስ አላለፈችኝም። ሰጠችኝ። ትኩስ ነበር።

ሴፕቴምበር 26፣ ዓርብ

ተቆጣጣሪዋ ትናንት ተመልሳ መጥታ ነበር። ሃያ አራት ሰው፤ የአልጋ ቁስል የለም፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ አዲስ ኢንፌክሽን የለም። ጮክ ብላ አነበበችው። ዶኛ ኤቴልቪና «ቁጥሩ ትክክል ነው» ብለው አረጋገጡላት።

ዛሬ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ሆነ። ዶን ባውዲልዮ ወጡ። ወደ እህታቸው ቤት፣ ከዚህ አራት መንገድ አልፎ። እንግዳ የሚገባው በጎን በር ነው፤ ትልቁ የፊት በር ሁለት ክፍል ሆኖ ሙሉ ለሙሉ የሚከፈተው ሬሳ ሲወጣ ብቻ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በዚያ በር በእግሩ የወጣ ሰው አላየሁም። ኔልሲ «ዛሬ በዚያ ነው» አለች። መወርወሪያው ዝጎ ነበር፤ አናጺው መዶሻ አምጥቶ መታው። ሁለቱም መዝጊያ ተከፈቱ፤ ብርሃኑ ኮሪደሩን አልፎ እስከ ወጥ ቤቱ ገባ።

መቆም የሚችል ሁሉ ቆመ። የማይችሉትን በወንበር ገፋናቸው። ዶን ኒካሲዮ ሠርግ መስሏቸው ከረባት አስረዋል። ባውዲልዮ ኮፍያውን አድርጎ፣ ምርኩዙን ይዞ፣ ማንም ሳይደግፈው በመሐላችን አለፈ። ደፉ ላይ ቆም አለ። ሦስት ደረጃ ነው። አንደኛውን ወረደ። እጄ ሳላዘው ተዘረጋ፤ መልሼ ያዝኩት። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። እግረኛ መንገዱ ላይ ዞሮ ኮፍያውን አነሣልን።

«እሁድ ሥጋ እጠብሳለሁ» አለኝ። «ትመጪያለሽ?»

«እመጣለሁ፣ ባውዲልዮ» አልኩት። «አንተ ብቻ ካርታውን ደብቅ።»

ሃያ ሦስት አረጋውያን በአንድነት አጨበጨቡ። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው አዩን። እስከ ማዕዘኑ ድረስ አየነው፤ ቀስ ብሎ፣ በግራ እግሩ ትንሽ እያነከሰ፣ ቀጥ ብሎ።

ከዚያ ገብቼ አልጋውን አነጠፍኩ። በዚህ ቤት ስንት የባዶ አልጋ አንሶላ ቀይሬያለሁ፤ ባለቤቱ በሕይወት ያለ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጠርዙን በደንብ አድርጌ ወደ ውስጥ አጠፍኩት፣ ትራሱን መታ መታ አደረግኩት፣ ወደሚቀጥለው ሰው ሄድኩ።